ላልቶ የተነበበ ድልድይ

ጸሐፊዋ የምክር ቤቱን የድንጋይ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ከካፖርቷ ውስጥ፣ በግራ ብብቷ ሥር፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ወትፋለች። የግቢው ደወል አምስት ሰዓት መታ። አንድ ሰዓት ብቻ ቀራት። ስድስት ሲሆን የሥራና የበጀት ኮሚቴ የአምስት ዓመቱን ዕቅድ በሰም ያሽገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ድልድይም ይሁን መንግሥተ ሰማያት፣ ለአምስት ዓመት አይገባም።

«ቀስ በይ እንጂ ሴትዮ! ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» አላት በረኛው።

«ገና ሊቃጠል ነው» አለችው ሳትቆም።

በጽሕፈት ክፍሉ በር አለፈች። ስድስት የጽሕፈት መኪናዎች እንደ በረዶ ይንጫጫሉ፤ የካርቦን ወረቀቱ ሽታ እስከ ኮሪደሩ ይወጣል። የእሷ መኪና ብቻ ልብሱን እንደለበሰ ጸጥ ብሏል። ልጆቹ ቀና ብለው አዩዋትና እርስ በርሳቸው ተጠቃቀሱ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከግድግዳው ስልክ አጠገብ፣ የቃለ ጉባኤው ሹም ቆመዋል። ማኅተሙን ከወገባቸው ስለማይለዩ ልጆቹ «ጋሼ ማኅተም» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ግን ማንም አይላቸውም።

«የት ነው በጥድፊያ?»

«ኮሚቴው ዘንድ፣ ጋሼ።»

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም አልጠራኝ። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

የሹሙ ዓይን ካፖርቷ ላይ አረፈ። የደብተሩ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ገመድ እንጂ ሙጫ ያልነካው፣ የድሮው ዓይነት ደብተር መሆኑን በአንድ እይታ ለዩት።

«ይሄ እኮ የፈጣን ጽሕፈት ደብተር ነው! ንጹሑ ቅጂ እንደወጣ ይቃጠላል፤ ሥርዓት ነው።»

«አዎ፣ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያ ደብተሬ ስለነበር ሳሳሁለትና ቤቴ ወሰድኩት።»

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህችን ሴት ሥራ ያስተማሯት፣ እጇን ይዘው እርሳስ ያስጨበጧት እሳቸው ናቸው። ችግሩ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲያምኑ መኖራቸው ነው፤ መዝገብ አይሳሳትም።

«ልጄ ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መዝገብ ተሳሳተ ማለት ምሰሶ ተነቃነቀ ማለት ነው። ዛሬ አንድ ቃል ካቃናን፣ ነገ ማንም እየተነሣ እኔ እንዲህ አላልኩም ይላል። ይችን ደብተር ምድጃው ውስጥ ክተቻትና ወደ መኪናሽ ተመለሽ። እኔም አላየሁ፣ አንቺም አልሮጥሽ።»

«ሰው ሞቷል፣ ጋሼ።»

«የገደለው ወንዝ ነው፤ እኛ አይደለንም።»

«ስድስቱን ቃል ግን ወንዙ አልጻፈም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና የነዚህን የስድስት ቃላት ነገር ከሥሩ መያዝ ይሻላል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚህ ቤት አንድ እንደራሴ ነበሩ። ወደ ምክር ቤት ከመምጣታቸው በፊት ከወንዝ ማዶ ባለች ከተማ የንባብ አስተማሪ ነበሩ፤ ልጆቹን «ጠበቅ! ቃሉን ጠበቅ!» እያሉ በጠመኔ ጠረጴዛ ሲመቱ የኖሩ። ሁለት ጊዜ ተመረጡ። ሰባት ዓመት አዳመጡ፣ በስምንተኛው ተነሡ። አንዳንዱ እንደራሴ በየቀኑ ይነሣና ምንም ሳይናገር ይቀመጣል፤ እሳቸው ግን አንዴ ተነሥተው አንድ ነገር ተናገሩ። የቀድሞውን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል፣ ሕዝቡ በታንኳ ነው የሚሻገረው፣ በሽተኛው በታንኳ፣ ነፍሰ ጡሯ በታንኳ፣ አስከሬኑም በታንኳ፣ አሉ። ከሚኒስትሮቹ ወንበር አንዱ «ሕልም ነው» ብሎ ሲያጉረመርም ጠረጴዛውን በጥፊ መቱና «ድልድዩ ይሠራል!» ብለው ተቀመጡ።

እንዴት እንዳሉት ጸሐፊዋ እስከ ዛሬ በጆሮዋ አለ። ሠን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ራን እንደ ሚስማር መትተው ነው። ማንም ሰምቶ የሚሳሳተው አልነበረም፤ ይገነባል፣ ግድ ይገነባል ማለታቸው ነው። እሷ ያኔ አዲስ ቅጥር ነበረች፤ በጥድፊያ ስትጽፍ ቃል እንዳያመልጣት ብላ ለራሷ አንድ ዘዴ አበጅታ ነበር፤ የጠበቀ ፊደል ላይ ነጥብ ታደርጋለች። ሠ ላይ አንድ፣ ራ ላይ አንድ አደረገች። የጽሕፈት መኪናው ግን ነጥብ የለውም። በመኪና ሲጻፍ የጠበቀውም የላላውም አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ልማድም ነበራት። ማጠቃለያ ስትሠራ ጽሑፉን ጮክ ብላ ለራሷ ታነባለች፤ አፏ ያልተቀበለውን እጇ አይጽፍም። የዚያን ሰሞን ግን የመንጋጋ ጥርሷን ተነቅላ ጉንጯ እንደ ሎሚ አብጦ ነበር። አንዲት ፊደል ማጥበቅ እንኳ ያስለቅሳታል። ስለዚህ ደብተሯን ሳታይ፣ በመኪና ከተጻፈው፣ በዝምታ፣ በላላ ዓይን አነበበችና እንዲህ ብላ አጠቃለለች፦ «እንደራሴው ድልድዩ በሥራ ላይ እንደሚገኝ አስረድተዋል።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ይሠራል ጠብቆ ይገነባል ነው፤ ላልቶ አገልግሎት ይሰጣል ነው። ማጠቃለያው ሚኒስቴር ሄደ፣ ሚኒስቴሩ ድልድዩ ካለማ ምን አደከመን ብሎ ፋይሉን ዘጋ፣ ጋዜጣም አወጣው። የወንዝ ማዶ ሰዎች ጋዜጣውን ያነበቡት ከጎርፍ የተረፈውን የድልድይ ጉቶ እያዩ ነበር። በሦስተኛው ምርጫ ለሰውየው ድምፅ ሳይሆን ሳቅ ሰጧቸው። ስማቸውም ተለወጠ፤ «አቶ ይሠራል» ተባሉ፣ በላላው። ትምህርት ቤቱም መልሶ አልተቀበላቸውም። የቀድሞው የሕዝብ እንደራሴ ዛሬ በፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ በአንዲት ጠረጴዛና በአንድ የቀለም ብልቃጥ፣ የሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። የራሳቸውንም ጽፈው ሰባት ጊዜ አስገብተዋል። ሰባት ጊዜም አንድ መልስ መጥቶላቸዋል፤ ድልድዩ በሥራ ላይ መሆኑን ራስዎ ተናግረዋል።

ጸሐፊዋ ስህተቷን ያወቀችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን ደንበኛ መጣና «ሰዓቴ ይሠራል?» ሲለው ባሏ መነጽሩን ሳያወልቅ «አሁን አይሠራም፤ ግን ይሠራል፣ ግድ የለህም» አለው። እሷ በር ላይ ቆማ ነበር። ያቺ አንድ ቃል ሁለት ሆና ጆሮዋ ውስጥ ገባች፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ለባሏ ነገረችው። ለሌላ ሰው ግን አልተነፈሰችም። ፈራች፣ ሌላ ምን ይባላል? ሆድ ይፍጀው አለችና ስድስት ዓመት ፈጃት።

ትናንት ሰውየው ራሳቸው ጠረጴዛዋ ድረስ መጡ። ባለፈው ክረምት ታንኳ ተገልብጦ ሦስት ሰው እንደሞተ ነገሯት፤ አንዷ የአብሮ አደጋቸው የታንኳ ቀዛፊው እኅት ናት። ከዚያ የንግግራቸውን ቅጂ ለመኗት፤ በትሑት ድምፅ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሏት ቅጂውን ሲቀበሉ። «የዚያን ዕለት እዚህ ነበርሽ። እውነት እንደዚያ ብዬ ይሆን? አርጅቼ ረስቼው ይሆን እንዴ?»

ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ዞረች። ቤቷ ስትገባ ባሏ ፊቷን አየና አንድ ነገር ብቻ አላት፤ «ሰዓት ተሳስቶ መስተካከሉ ምን ያሳፍራል? የሚያሳፍረው ተሳስቶ መደወሉ ነው።» ደብተሩን ከሣጥን ያወጣችው ያኔ ነው።

አሁን ሹሙ የኮሚቴውን በር ተደግፈዋል።

«ከዚህ በር ካለፍሽ እንደ ትናንቱ አትመለሽም» አሏት። «ሥርዓት ጥሰሽ ደብተር ወስደሻል። ቁልፍሽን መቀበሌ አይቀርም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ፍርሃቱን ትናንት ጨርሼው ነው የመጣሁት። ያሳልፉኝ።»

ሹሙ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸውን ከበሩ አነሡ፤ እሷ ስትገባ እሳቸውም ተከትለው ገቡ።

በክፍሉ ውስጥ አምስቱ የኮሚቴ አባላት በአረንጓዴ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። የማሸጊያው ሰም በትንሽ ምድጃ ላይ መቅለጥ ጀምሯል። የቀድሞው እንደራሴ ከጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ወንበር ላይ የታንኳ ቀዛፊው አሉ፤ እኩያቸው፣ አብሮ አደጋቸው፣ እጃቸው እንደ መቅዘፊያቸው የተሰነጣጠቀ። ሥራቸውን የሚወስድባቸው ድልድይ እንዲሠራ ሊመሰክሩ አገር አቋርጠው የመጡ ሰው ናቸው።

«የተከበሩ አባት፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን እኮ» ይላሉ ሰብሳቢው። «ሰባት ጊዜ ጠየቁ፣ ሰባት ጊዜ መለስን። ቃሉ የራስዎ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«ስምንተኛ እጠይቃለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ዘጠነኛም እጠይቃለሁ። እግሬ እስካለ ድረስ።»

«ይሠራል፣ እስቲ ቁጭ በል፣ ደክሞሃል» አሉ ቀዛፊው ከኋላ፣ በለመዱት በላላው ስም። አንዱ አባል ሳቁን በመሐረብ ደበቀ።

«አልቀመጥም።»

«ክቡር ሰብሳቢ!» አለች ጸሐፊዋ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «እኔ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። የሳቸውን ንግግር በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መመስከር እፈልጋለሁ።»

ሰብሳቢው ሹሙን አዩ። ሹሙ ዓይናቸውን ወደ ማኅተማቸው መለሱ። ያም እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

በመኪና የተጻፈውን ገጽ ለሰብሳቢው ሰጠቻቸው። «ይችን መሥመር ያንብቡልኝ።»

«ድልድዩ ይሠራል» አሉ ሰብሳቢው፣ በላላው።

በስተቀኛቸው ለተቀመጡት ባለመነጽር አሳለፈችላቸው። እሳቸው ደግሞ አጥብቀው አነበቡ።

«ላልቶ አይደለም እንዴ የሚነበበው?» አሉ ሰብሳቢው።

«እንዴት ሆኖ? ድልድይ ሰዓት ነው እንዴ የሚሠራው? የሚሠራ ነው እንጂ፣ ጠብቆ!»

«ወፍጮስ ይሠራ የለም?»

«ወፍጮ ይዞራል፣ ክቡር ሰብሳቢ። ድልድይ ምን ያዞረዋል?»

አምስቱም ተቀባበሉት፤ ሦስቱ አላልተው፣ ሁለቱ አጥብቀው አነበቡት። ከሚኒስቴሩ የመጣው ወጣት መሐንዲስ ፋይሉን ጨብጦ ተነሣ። «ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

ደብተሩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የነጥቡን ነገር አስረዳች። ሁለቱ ነጥቦች በዘጠኝ ዓመት ከወረቀቱ ጋር ደብዝዘዋል፤ ሠ ላይ አንድ፣ ራ ላይ አንድ።

መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይቅርታ እመቤት፤ ነጥብ ትናንትም ይጨመራል።»

ይህን ጠብቃ ነበር። ቅጠሉን ገለጠች። «ክቡር ሰብሳቢ፣ የዚያን ዕለት ከሳቸው ቀጥሎ የተነሡት እርስዎ ነበሩ። ወጣት አባል ነበሩ። በመኪና የተጻፈውን ላንብብልዎ? ‹የወንዝ ማዶ ሰዎች ችግር ዋና ነው።›» ብላ ና ላይ ሳትጫን፣ አላልታ አነበበችው።

«ዋና? መዋኘት?» ሰብሳቢው ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ እንዲህ ዓይነት ቀልድ በምክር ቤት አልቀለድኩም! ዋነኛ ነው ለማለት ነው፣ የመጀመሪያ ጉዳይ!»

«አዎ። ይኸው፣ ና ላይ ነጥብ አለች። ነጥቤን ካመኑኝ ጠብቋል። ካላመኑኝ ግን የሰዎቹ ችግር መዋኘት ነው ብለዋል ማለት ነው።»

ሳቅ ተነሣ፤ መሐንዲሱ ሳይቀር ሳቀ። ቀዛፊው ብቻ አልሳቁም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አስቀመጡት።

«ጌቶቼ፣ ለኛ ሁለቱም ልክ ነው» አሉ። «እኅቴ ዋና አትችልም ነበር።»

 የሰሙ መንተክተክ ይሰማል። ሰብሳቢው ቀስ ብለው ተቀመጡና ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ወጣት ሳሉ የተናገሩትን ረጅም ጊዜ አዩ።

«ማጠቃለያውን ማን ነው የጻፈው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ። ስህተቱም የእኔ ነው።» ጥርሷን ነከሰች፣ ከዚያ ቀሪውን አወጣችው። «መሳሳቴን ካወቅሁም ስድስት ዓመቴ ነው።»

ሽማግሌው እንደራሴ ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ስድስት ዓመት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ትናንት ስጠይቅሽም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምነው ልጄ? ምነው?»

«ፈራሁ።» ሌላ ምክንያት ልትፈልግ ብትሞክር አጣች። «ፈርቼ ነው።»

ሽማግሌው የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። ንዴታቸውን ማንም ሊስተው አይችልም። «ሚስቴ ስትሞት እውነቱን ንገረኝ፣ እንደዚያ ብለሃል እንዴ ብላ ነው የጠየቀችኝ። አላልኩም ስላት አላመነችኝም። የንባብ አስተማሪ ነበርኩ! ስንቱን ልጅ አጥብቅ እያልኩ ያሳደግኩ ሰው፣ ኋላ ኋላ የገዛ ምላሴን ተጠራጠርኩት።»

ጸሐፊዋ እንባዋን አልጠረገችም። «ይቅር ይበሉኝ» ማለት ፈለገች፤ ማለትም ጀመረች።

«ተይው» አሉ እጃቸውን አንሥተው። «ይቅርታውን ዛሬ አልሰጥሽም፣ የለኝም። ጊዜም የለንም። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ቃሉን አስገቢና ሌላውን ኋላ እንነጋገራለን።» ወደ ሰብሳቢውም ዞሩ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ቃሌ ይቃና። ድልድዩም ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ስምንተኛ ጥያቄዬ ይኸው ነው።»

ሰብሳቢው ደወሉን አንዴ መቱ። «የምትደግፉ?»

አምስት እጅ ወጣ። ባለመነጽሩማ ሁለቱንም አንሥተው ነበር፤ አንዱን አስወረዷቸው። መሐንዲሱ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ የተዘጋበትን ገመድ ራሱ ፈታው።

የቀረው መዝገቡ ነበር። ሕጉ ስህተት የሚቃናው በተሳሳተው ሰው እጅ፣ በሹሙ ማኅተም ይላል፤ ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ግን ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ትልቁ መዝገብ ሲመጣ ሁለት ሰው ተሸክሞት ነበር። ጸሐፊዋ ስድስቱን ቃል በአንድ መሥመር ሰረዘችና ከላይ ‹ድልድዩ ይሠራል› ብላ ጻፈች። ብዕሩን አነሣች፣ ግን አመነታች። በዚህ መዝገብ ላይ ነጥብ ተደርጎ አያውቅም።

ሹሙ ከትከሻዋ በላይ ሆነው ያዩ ነበር። «ሁለት ናቸው ብለሻል አይደል?» አሉ በጎርናና ድምፃቸው። «አንዷን እንዳትረሻት።»

ሁለቱንም አደረገች። ሹሙ ማኅተማቸውን ከወገባቸው ፈትተው፣ እፍ ብለውበት፣ አጠገቧ መቱ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። ምን እንደፈለጉ ገባት፤ የመሣቢያዋን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው። ቁልፉን ሲቀበሉ ጣቷን ትንሽ ያዝ አድርገው ለቀቁ።

የግቢው ደወል ስድስት ሲመታ ውጭ ደረጃው ላይ ነበሩ። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል። ሽማግሌው ሁለት ደረጃ ወርደው ቆሙና ወደ ላይ አዩዋት።

«የመጀመሪያው ምሰሶ ሲቆም ነይ» አሏት። «ያን ጊዜ ምን እንደምልሽ አውቅ ይሆናል። ብቻ ነይ።»

«እመጣለሁ።»

ቀዛፊው ባርኔጣቸውን ደፉና ታች ሆነው ተጣሩ፤ «በል ና እንሂድ፣ ይሠራል!»

ሽማግሌው እንደ ተጠሩ ሳይሆን እንደ ተመቱ ቀጥ አሉ። «ምን አልከኝ አንተ?»

«ስምህን ነዋ። ደንቆርሃል እንዴ?» ቀዛፊው ሳቁ፤ ከዚያ ሠን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ራን እንደ ሚስማር መትተው ደገሙላቸው።

ጸሐፊዋ ከደረጃው አናት ሰማች። ደብተሯ መዝገብ ቤት ቀርቷል፣ እርሳስም አልያዘችም። በካፖርቷ ኪስ ውስጥ ግን ጣቷ ሁለት ጊዜ ነጥብ አደረገች።